ሳሙናው ደርሶናል፣ ዳንቴሌን ይመልሱልኝ

ይድረስ ለክቡር አቶ ዘለቀ መሳይ
በጥላ ቡና አቅራቢዎች ማኅበር የየቡ መረከቢያ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ
የቡ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ከአወቱ መንደራ ተነስቶ፣ በጠዋቱ ሚኒባስ የቡ ደርሶ፣ ከቢሮዎ ደጃፍ የጫማውን ጭቃ አራግፎ ይግባልኝ። ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ የደም ግፊትዎ ደህና ናቸው? ከሁሉ በላይ ጥርስዎ እንደምን ነው? ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡ ከድድዎ ተነስቶ እስከ ጆሮ ግንድዎ የሚነዝርዎ ነገር እንደሌለ ተስፋ አደርጋለሁ። አላህ ሠላሳ ሁለቱንም እንደ ቆሙ ያቆይልዎ። በእኛ ቤት የጥርስ ነገር ቀልድ መሆኑ ስለቀረ ይህን ምርቃት ከልቤ ነው የጻፍኩት።

እኔ አፊፋ ሸምሱ እባላለሁ። ጅማ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ለሰው አቤቱታ የምጽፍ፣ ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ ዳንቴል የምሠራ ሴት ነኝ። የሰውን በደል በሰው ስም ስጽፍ ኖሬ የራሴን በራሴ ስም ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ አንዳንድ ቦታ ፊደሉ ከተንጋደደ ይታገሱኝ። በጣቢያዎ ቡና በጥርሱ ሲፈትሽ የኖረው የሙርሺድ ሚስት ነኝ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት የእርስዎ መልካም ሥራ በፖስታ ታሽጎ እንዳይቀር፣ ከጣቢያው በር ላይ ተለጥፎ ገበሬውም ጫኙም ቆሞ እንዲያነበው ብዬ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ለእርጥበት መለኪያው ስላደረጉት እንክብካቤ አመሰግናለሁ።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳና፣ ቡና ጣቢያ ሲገባ በደንብ መድረቁ መታወቅ አለበት። እርጥቡ ከደረቁ ጋር አንድ መጋዘን ከገባ ይሻግትና የደረቁንም ጣዕም ይዞት ይጠፋል። ይህን የሚለይ ማሽን አለ፤ ጥቂት ፍሬ ይጨመርበትና የእርጥበቱን ልክ ይናገራል። ጣቢያው ይህን ማሽን ካገኘ ሰንብቷል። እርስዎ ግን አቧራ እንዳይገባበት፣ የገበሬ እጅ እንዳይነካካው፣ ባትሪውም እንዳይደክም በማሰብ ከቢሮዎ ቁም ሣጥን አናት ላይ አውጥተው ዳንቴል አለበሱት። ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉ ይነሳል፣ ማሽኑ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ እንግዳው ምሳ በልቶ ሲሄድ ዳንቴሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። አንድ ጊዜ መብራት ከተቋረጠ በኋላ ልኩን ስቷልና ይጠገን ተብሎ ነበር፤ ይህም ቢሆን ማሽኑን ማንገላታት ስለሆነ በእርስዎ ደግነት ቀረለት።

ያን ዳንቴል የሠራሁት እኔ ነኝ። ሙርሺድ ለቢሮ ነውና አሳምሪው ብሎኝ ዙሪያውን የቡና ቅጠል ጥለት አወጣሁበት። ለቴሌቪዥን መስሎኝ ነበር።

ማሽኑ ዳንቴሉን ለብሶ ሲያርፍ ሥራውን የያዘው የሙርሺድ መንጋጋ ነው። ከየጆንያው ፍሬ ያነሳል፣ ገለባውን በጥፍሩ ይልጣል፣ ይነክሳል። ጥርሱ ከሰመጠ ቡናው እርጥብ ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደረቅ ነው። ገበሬው ዓይን ዓይኑን እያየው ይጠብቃል፣ ሙርሺድም ስብርባሪውን ተፍቶ «ጎጌራ» ይላል፤ ደርቋል ማለቱ ነው። በየቡ ከተማና በዙሪያዋ ይህችን ቃል ከሱ አፍ ለመስማት ሌሊቱን በቅሎ እየጎተተ የሚመጣ ሰው ነበር። ይህ የአባቶቻችን አሠራር ነው፣ አልንቀውም። አባቶቻችን ግን የሚነክሱት የራሳቸውን ቡና ነው፤ የአንድ ወረዳ ቡና በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ያሳለፉት እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥርስ ሳሙናው አመሰግናለሁ።

ሙርሺድ ቀዝቃዛ ነገር በአፉ የማይዞርበት ጊዜ መጣ። የጠዋት ነፋስ ሲነፍስ አፉን በሻርፕ ይሸፍናል፤ ውሃ ሲጠጣ አንገቱን አጋድሎ በደህናው ጎን ያሳልፈዋል፤ ቴምር እንኳ ጣፋጩ ጥርሱን ስለሚወጋው በጣቱ ቆርሶ ሳይነክስ ይውጠው ነበር። ማሽኑ ከቁም ሣጥኑ ይውረድልን ብሎ ሲያመለክት ማመልከቻውን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ ምላሽ ሰጡ፤ ማሽኑ ሳይወርድ ቀረና የጥርስ ሳሙና መጣ። ሠራተኛው ተሰብስቦ፣ ስለ ሠራተኛ ደህንነት ረጅም ንግግር ተደርጎ፣ ለሚነዝር ጥርስ የተሠራ ሳሙና በጭብጨባ ተሰጠው። ሙርሺድም እንደ ተሸላሚ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ።

ሐሰት መናገር ነውር ነውና እውነቱን ልናገር፤ ሳሙናው ሠራ። እንዴት እንደሚሠራ የነገረችን ፍሬሰላም ናት። ፍሬሰላም ከግቢያችን ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ እዚሁ ጅማ የጥርስ ሕክምና የምትማር የወልዲያ ልጅ ናት። እንዳስረዳችን ከሆነ የጥርስ የላይኛው ጠንካራ ሽፋን ሲፋቅ ከሥሩ ያለው ክፍል ይገለጣል፤ ያ ክፍል በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ነው። በቱቦዎቹ ውስጥ ፈሳሽ አለ። ብርድ ወይም ጣፋጭ ሲነካቸው ፈሳሹ ይንቀሳቀስና ከውስጥ የተኛውን ነርቭ ይቀሰቅሰዋል፤ ሰውየውም ይዘላል። እንዲህ ያለው ሳሙና ሁለት ዓይነት ብልሃት አለው። አንዱ ዓይነት የቱቦዎቹን አፍ ይደፍናል። ሌላው ዓይነት ደግሞ በውስጡ ያለው የፖታሺየም ጨው በቱቦዎቹ ሰርጎ ይገባና ነርቩን ያረጋጋዋል፤ ብርዱ ቢመጣም አቤቱታው ለአእምሮ አይደርስም። የእኛው ሳሙና ይህ ሁለተኛው ነበር። ክቡር ሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን ስሰማ ወዲያው እርስዎ ነዎት ትዝ ያሉኝ።

መጀመሪያ ላይ ግን ምንም ለውጥ አልነበረም፤ ሙርሺድም የፈረንጅ ነገር ብሎ ሊጥለው ደርሶ ነበር። ነገሩን ያወቀችበት ፍሬሰላም ናት። ሙርሺድ ለፈጅር ሲነሳ ሳሙናውን በመፋቂያው ጫፍ አድርጎ ጥርሱን እንደ ብረት ድስት ይፈትጋል፤ ከዚያ ወዲያው ውዱእ ያደርጋል። ለውዱእ አፉን ደጋግሞ ሲጉመጠመጥ ሳሙናው ተጠራርጎ ከግቢው ቦይ ይገባል፤ ሲረጋጋ የከረመው ቦዩ ነበር ማለት ነው። ፍሬሰላም እየሳቀች ለስላሳ ብሩሽ ገዛችለት። ከሰላት በኋላ እንዲቦርሽ፣ እንዳይፈትግ፣ አረፋውን ተፍቶ በብዙ ውሃ እንዳይታጠብ፣ ጠዋትና ማታ ሳያቋርጥ ለሳምንታት እንዲታገስ ነገረችው። ሲያቋርጠው ሕመሙ ሊመለስ እንደሚችልም ጨመረች። በመጨረሻ ሳቋን ትታ ያለችው ግን ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም፤ ሳሙናው ነርቭ ያረጋጋል እንጂ የተሰነጠቀ አይጠግንም፣ የበሰበሰ አያክምም፣ ሕመሙ ካልለቀቀው ወይም መልኩን ከለወጠ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው አለችው።

ሦስተኛ፤ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ።

ከሳምንታት በኋላ በአንድ ጁምዓ ሙርሺድ ከመስጊድ ሲመለስ ከጎረቤት ሱቅ ማቀዝቀዣ ውሃ አስወጥቶ ቆሞ በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። እኔና ልጃችን አሚራ አፋችንን ይዘን አየነው። አልዘለለም። ብርጭቆውን ወደ ላይ አንስቶ ሳቀ፤ ስንት ዘመን ያልሳቀው ሳቅ ነበርና እኛም አብረን ሳቅን። ቅዳሜውን ለእርስዎ ነገረዎት። እርስዎም ደስ ብሎዎት በስብሰባ ላይ የጥርስ ጉዳይ እልባት ማግኘቱን አስታወቁ፤ የማሽኑ ጥገና ጥያቄም አላስፈላጊ ሆኖ ተዘጋ።

ከዚያ ታኅሣሥ ገባ፣ ጆንያው በዛ። የሚያመው ሰው ለጥርሱ ይሳሳል፤ የማያመው ምን ብሎ ይሳሳል? ሙርሺድ እንደ ጎረምሳ ነከሰ። ከዕለታት በአንዱ የኋላ መንጋጋው ተሰነጠቀ። ይህ ሕመም ብርድ ሲነካው መጥቶ የሚሄደው አልነበረም፤ ራሱን ችሎ እንደ ልብ የሚመታ ነበር። ፍሬሰላም በስልኳ መብራት አይታ ዛሬውኑ ሆስፒታል ብላ ተቆጣች። ሙርሺድም ፈቃድ ሊጠይቅ ቢሮዎ ገባ። መጋዘን ጠባቂዎ ጎሳዬ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል፤ ለቅሶ ቤት እያለቀሰ ነግሮኛል። እርስዎ ከወረቀትዎ ቀና ብለው ያሉት ይህችን ነው፦

«ሳሙናውን ጨመር አድርግበት፣ ያስታግሰዋል። ቡናው እስኪያልቅ ብቻ ነው።»

እርስዎ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ደጋግሜ ለራሴ እላለሁ። የሰውን ሕመም ሰምተው ምክር የሰጡ ሰው ነዎት። ሙርሺድም ሰው አክባሪ ነበርና እንዳሉት አደረገ፤ በሻይ ማንኪያ እየቀባ ከረመ።

አንድ ጠዋት ሕመሙ ድርግም አለ። ሙርሺድ ከአልጋው ተነስቶ ጉንጩን እየዳበሰ «አፊፋ፣ ዳንኩ እኮ» አለኝ። ለእርስዎም ዱዓ አደረገልዎት፤ ይህን ይወቁልኝ። ፍሬሰላም በዚያ ሳምንት ለፈተና ተወጥራ ከግቢው አልነበረችም። ኋላ እንደነገረችኝ ጥርሱ ዝም ያለው ሳሙናው አሸንፎ ሳይሆን ነርቩ ሞቶ ነው። የሞተ ነገር አያምም። እኛ ግን የሞተውን የዳነ መስሎን ገንፎ ሠርተን በላን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች፤ የሙርሺድ ጥርስ ግን ዝም ብሎ ነው የነቀዘው፣ መግሉም ዝም ብሎ ወደ መንጋጋው ሥር ወረደ። አገጩ ሥር ሲያብጥ ብርድ ነው አለ። ምላሱ ወደ ላይ ተነስቶ ቃል ሲያሳጣው በባጃጅ ይዘነው ሮጥን። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፣ አላህ ይስጣቸው። ሙርሺድ ግን ትንፋሽ አጥሮት በጥር ወር ሄደ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

አራተኛ፤ ለቅሶ ስለ ደረሱ አመሰግናለሁ።

ከድንኳኑ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ሙርሺድ መንጋጋ የተናገሩት ብዙ ሰው አስለቅሷል። በደረቅና በእርጥብ መካከል እንደ እሱ የሚለይ አይገኝም አሉ። ሲነሱ ፈገግ ብለው ጨበጡኝ፣ እኔም ፈገግ አልኩ፤ ጥርስ ባዳ ነው እንዲሉ።

አምስተኛው ምስጋና አይደለም። ቁጥሩን ጀምሬ ስለነበር ብቻ ነው የቀጠልኩት።

ለቅሶው ሳይበርድ ጎሳዬን ላኩብን። መልእክቱን ሲናገር አንገቱን አላቀናም፤ አሚራ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ማጣቷን እንደሰሙ፣ ማኅበሩ የቤተሰቡን ችግር ስለሚረዳ በአባቷ ቦታ ሊቀጥራት እንደፈለገ፣ የሱ ልጅ ናትና ጥርሷም የሱ እንደሚሆን እንደተማመኑ፣ መጪው ሰኞ ጠዋት ጣቢያ እንድትገኝ ነገረን። ከኪሱም አዲስ፣ ከነካርቶኑ ያለ የጥርስ ሳሙና አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እኔ አይሆንም አልኩ። ካርቶኑን ከጠረጴዛው ማን እንዳነሳው አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ድምፅ መሰማት ጀመረ። ከመግሪብ በኋላ፣ እኔ ሰግጄ ስቀመጥ፣ ከጓዳ በኩል ቀጭ ይላል። ከዚያ ዝም ይላል፤ ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። መጀመሪያ አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ አጠመድኩ፤ የያዘው ነገር አልነበረም። ቆርቆሮው ሲበርደው ነው አልኩ። ሦስተኛ ምክንያት ስፈልግ አጣሁ። ክቡር ሆይ፣ ያንን ድምፅ ቤት ገብቶም ቡና መንከስ ከማይተው ሰው ጉንጭ ሥር ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁና ከሌላ ነገር ጋር አላሳስተውም። ፍሬሰላምም ሰምታ አንድ ምሽት ሬዲዮዋን ቀንሳ በሩ ላይ ቆመች፤ ተያየን። እሷ በሥላሴ ስም አማተበች፣ እኔ አያተል ኩርሲን ቀራሁ።

ፈራሁ፤ ደግሞም፣ እንዳይስቁብኝ እንጂ፣ ደስ አለኝ። ቀጭ ባለ ቁጥር ቀጥላ የምትመጣውን ቃል እጠብቅ ነበር። ሴት የሞተ ባሏ ድምፅ ተሰማ ቢሏት ታምን እንደሆነ እኔን ይጠይቁኝ። ሳህኑን በእሱ ቦታ ማስቀመጥ ጀምሬ ነበር። ብሩሹና የተጨመቀው የድሮ ሳሙናው አሁንም ከመታጠቢያው ጠርዝ አሉ፤ ማንም አያነሳቸውም፣ እኔም ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ከትናንት በስቲያ ምሽት ድምፁ በረታ። ቀጭ፤ ጥቂት ቆይቶ ቀጭ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ሰው «ጎጌራ» ሲል ሰማሁ።

ግድግዳውን ይዤ ጓዳ ደረስኩና መጋረጃውን ገለጥኩ። አሚራ በአባቷ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ በነጠላዋ ጫፍ ቡና ቋጥራለች፤ እግሯ ሥር ስብርባሪው ተበትኗል። አዲሱ ሳሙና አፉ ተከፍቶ ከጎኗ አለ። ስታየኝ አልደነገጠችም። አባቷ ከገበሬ ጋር ሲነጋገር እንደሚያደርገው ከከንፈሯ ላይ ገለባ በጣቷ አንስታ እንዲህ አለችኝ፦

«እማ፣ አታስቢ፤ ምንም አያመኝም።»

ክቡር ሆይ፣ ሰው ከመቃብር ቢመለስ ኖሮ ያን ያህል አልፈራም ነበር።

ልጅቷ ገና ሳትታመም ነው ማደንዘዣውን የጀመረችው። ፍሬሰላም ሳሙናው ለጤነኛ ጥርስ ጉዳት የለውም ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች፤ ሳሙናውስ ምን አጠፋ? ለተላከበት ነገር መድኃኒት ነው፤ በብርድ ለሚነዝረው ሰው እረፍት ነው፣ ሙርሺድንም ያን ብርጭቆ ውሃ አጠጥቶታል። ከአዋቂ እጅ ሲሰጥ በረከት የሆነ ነገር ከእርስዎ እጅ ሲመጣ ግን ለሚነክሰው ሁሉ ፈቃድ ሆነ። ስንቱን እንዳስነከሱት እኔ አልቆጥርም፤ የሚቆጥር አለ።

አሚራን ከሰኞ በፊት በቃል ላስቀራት ሞክሬ አልቻልኩም። የአባዬ ሥራ ነው ትለኛለች፣ ወንበሩ ባዶ አይሁን ትለኛለች። ከሞተ ሰው ጋር ተከራክሮ የረታ የለም። ስለዚህ ወደ እርስዎ ዞርኩ። የደም ካሳ፣ ጉማ አልጠየቅሁም፣ ክስም አልመሠረትኩም፤ ይህን ሁሉ እንዴት እንደሚጻፍ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳንቴሌን ይመልሱልኝ። የእጄ ሥራ ነው፣ ለቴሌቪዥን ነበር የሠራሁት። ሰኞ ጠዋት አሚራ ጣቢያ ከመድረሷ በፊት እኔ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥቼ በርዎ ላይ እቆማለሁ። ዳንቴሉን ከማሽኑ ላይ በራስዎ እጅ አንስተው ገበሬው ፊት ይስጡኝ። ማሽኑ ራቁቱን ከቀረ ሰው ያየዋል፤ ካየው ይጠይቃል፤ ከጠየቀ ልጄ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ባይሰጡኝም አልሄድም፤ አጥር ሥር ተቀምጦ መጠበቅ ሥራዬ ነው።

ላስተላለፉልኝ ምክርና ስጦታ ሁሉ ውለታዎን ከፋይ አላህ ነውና ለሱ ትቼ፣ ለጤናዎ፣ ለሹመትዎና በተለይም ለመንጋጋዎ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ከወገቤ ዝቅ እላለሁ።

የሙርሺድ ሚስት፣ የአሚራ እናት
አፊፋ ሸምሱ
ከአወቱ መንደራ፣ ጅማ

ግልባጭ፦
ለጣቢያው በር
ለሙርሺድ፣ ባለበት

ማስታወሻ፦ ለአሚራ የላኩትን ሳሙና ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼ ልኬልዎታለሁ፤ ብዙም አልተነካም። ሰኞ ዳንቴሉ ሲነሳበት ማሽኑን ብርድ ቢነዝረው ጠዋትና ማታ ይቀቡት። ለሳምንታት ይታገሱ እንጂ አይፈትጉት፣ በብዙ ውሃም አያጥቡት። ድንገት ሕመሙ ድርግም ብሎ ቢተወው ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ዳነ ብለው ደስ እንዳይልዎ።